ቅቤ የዋጠ ሕፃን፦ ተረትና እውነታ

አራስ ቤት የገባ ሁሉ አይቶታል። ሕፃኑ ገና ጡት ሳይዝ አያት ለጋ ቅቤ በጣታቸው ቆንጥረው አፉ ውስጥ ያደርጉለታል፤ «አንጀቱን ያለሰልስለታል» ይላሉ። ለልጁ ሳስተው ነው የሚያደርጉት። ቅቤው ግን ሁልጊዜ ወደ አንጀት አይወርድም፤ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። አንጀቱን የሚያጸዳለትም የእናቱ እንገር ነው፤ እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

«ሳንባው ቢገባ ኖሮ ያስለው ነበር» የሚለው እምነት ከሁሉም ያሳስበኛል። ውኃ ትን ሲለን ጉሮሯችን ተቆጥቶ በሳል ያስወጣዋል። ቅባት ግን ጉሮሮን ሳይቆጠቁጥ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። የአየር ቧንቧን የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ሥራም ያውካል። አፍንጫው ተይዞ እያለቀሰ በግድ እንዲውጥ የሚደረግ ሕፃን ደግሞ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ቅባቱን አብሮ ሊስበው ይችላል። ሳል አልተሰማም ማለት አልገባም ማለት አይደለም።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ሰውነት ያዋህደዋል» ይባላል። አንጀት ስብ ይፈጫል፤ ሳንባ ግን ለዚያ አልተፈጠረም። የቅቤ ስብ እዚያ ሲፈርስ የሚወጡት አሲዶች ሳንባውን ያስቆጣሉ። ቫዝሊንና የፓራፊን ዘይት ደግሞ ከነጭራሹ አይፈርሱም፤ ቆይተው ሳንባው ላይ ጠባሳ ሊያስከትሉ ይችላሉ። በ1925 እ.ኤ.አ. ላፍለን የተባለ ሐኪም አፍንጫና ጉሮሯቸው ውስጥ ዘይት ሲደረግላቸው የሳንባ ምች ስለያዛቸው ሕሙማን ጽፎ ነበር። አፍንጫው ስለደረቀ በየማታው ቫዝሊን ወደ ውስጥ የሚቀባ ጎልማሳም ከዚህ ስጋት ነፃ አይደለም።

«የሳንባ ምች ከሆነ አንቲባዮቲክ ያድነዋል» የሚሉም አሉ። ቅባት ያመጣው ሕመም በራጅ ሲታይ በእርግጥ ተራ የሳንባ ምች ይመስላል፤ ሆኖም አንቲባዮቲክ ቅባትን አያጠፋም። ሲቲ ስካን ሊለየው ይችላል፤ ሳንባው ታጥቦ የሚወጣው ፈሳሽም ወተት ሊመስል ይችላል። የመጀመሪያው ሕክምና ቅባቱን ማቆም ነው። ለዚህ ሐኪሙ ቅባት መሰጠቱን ማወቅ አለበት፤ እናቶች ግን ቁጣ ፈርተው ቅቤውን ይደብቃሉ። እባካችሁ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ሳንባን የሚጎዳው ቅባት ብቻ አይደለም፤ ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ «ያስታውክና ይውጣለት» መባሉም አደገኛ ነው። ጋዙ ሲመለስ ወደ ሳንባ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ጣት ጉሮሮው ሳይከቱ፣ ወተት ሳይግቱ፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል መውሰድ ነው።