ለመተማ ቆላ የሚሆን ማቀዝቀዣ

ለቆላው የጤና ሥራ የሚረዳ ዕቃ ለመስጠት የሚነሡ ማኅበረ ምእመናን ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚያስቡት ማቀዝቀዣ ነው። አሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ ፍሪጅ መተማ ሲወርድ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት ዕቃው የሚቆምበትን ስፍራ እንመልከት።

መተማ ዮሐንስ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የሱዳን ድንበር ከተማ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ በጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ከጎንደር የሚወርደው አስፋልት መልካም ቢሆንም፣ ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ሰሊጡና ወደ ጥጡ እርሻ የሚገቡ መኪናዎች በክረምት ዋልካው ላይ ተይዘው የሚያድሩበት ጊዜ አለ። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች የሚሰፍሩት ደግሞ በእነዚሁ እርሻዎች ነው፤ መብራት የለም፣ ካላዛርና ወባ ግን አሉ። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ቤተ ሰቦች በዚሁ በር ገብተዋል። እንግዲህ ወደ እነዚህ ሰዎች የሚሄድ የጤና ቡድን መኪናውን ቤቱ አድርጎ ሦስት አራት ሌሊት ሜዳ ላይ ማደር ይኖርበታል።

በሌሎች አገሮች ለሽርሽር ሜዳ ላይ የሚያድሩ ሰዎች በመኪናቸው የሚይዙት ፍሪጅ በሦስት ዓይነት ይከፈላል። የመጀመሪያው በእሳት ሙቀት የሚሠራው ነው፤ ጋዝ ወይም ላምባ ያነድዳል። ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ፣ በ1922 እ.ኤ.አ. የፈለሰፉት ሲሆን፣ የቀድሞ የገጠር ክሊኒኮችን ያገለገለው የላምባ ፍሪጅም ከዚህ ወገን ነው። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ድምፅ የለውም። ነገር ግን አሞንያው በገዛ ክብደቱ ወደ ታች መፍሰስ ስላለበት ዕቃው ቀጥ ብሎ ካልቆመ አይሠራም፤ የከባቢው ሙቀት ሲበረታም ይደክማል። መኪና ዘንበል ብሎ በሚያድርበት በዋልካ መሬት ላይ ይህ ዓይነቱ አይመረጥም። ለክትባት ቢሆንማ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም ዛሬ አይመክሩትም።

ሁለተኛው በገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው፣ ከመኪና ሲጋራ መለኮሻ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ሣጥን ነው። ከውጭው አየር በ20 ዲግሪ ያህል ብቻ ዝቅ ማድረግ ይችላል። ውጭው 42 ከሆነ ውስጡ 22 ነው ማለት ነው። ለስላሳ መጠጥ ይይዝ ይሆናል፤ ለመድኃኒት ግን ገንዘባችሁን አታውጡበት።

የቀረው በ12 ቮልት የሚሠራ ኮምፕሬሰር ያለው ነው። ለቆላ መኪና የሚሆነው ይህ ነው፤ ሆኖም ያለ ሒሳብ አይገዛም። 45 ዋት የሚስብ ኮምፕሬሰር በዚያ ሙቀት በቀን 14 ሰዓት ይሠራል ብንል 630 ዋት ሰዓት ይፈጃል። 100 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በስም 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ነገር ግን የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በላይ ሲወሰድበት ቶሎ ስለሚሞት የሚታመነው 600 ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በጣሪያው ላይ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ፣ ከሞተር ማስነሻው የተለየ ሁለተኛ ባትሪ፣ እንዲሁም ወፍራም ሽቦ ያስፈልጋል። ሽቦውን ሰዎች ይንቁታል፤ ዳሩ ግን በቀጭን ሽቦ ቮልቱ መንገድ ላይ ይወድቅና ባትሪው ሳያልቅ ፍሪጁ ይዘጋል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን የሙቀት ወሰንም አንብቡ፤ 32 የሚል ለመተማ አይሆንም፣ 43 የሚለውን ፈልጉ። 43 የሚለውም ቢሆን በፀሐይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ይሸነፋል፤ ጥላ ፈልጎ መስኮት መክፈት ግድ ነው።

በዚህ ፍሪጅ ምን ይቀመጥ? ለካላዛር የሚሰጠው አምቢሶም ከ25 ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም፤ በመተማ ደግሞ ይህን ያህል የሚቀዘቅዝ ክፍል በቀን አይገኝም። ለወላዶች ደም መፍሰስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲንም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። እነዚህን ይያዝ። ክትባት ግን ለሽርሽር በተሠራ ፍሪጅ ውስጥ ባይገባ እንመርጣለን። ክትባትን ሙቀት ብቻ ሳይሆን ቅዝቃዜም ይገድለዋል፤ የመንጋጋ ቆልፍና የጉበት ክትባት አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ኃይሉን ያጣል። በብልቃጡ ላይ ያለው ቀለም የሚለውጥ ምልክት የሚናገረው ስለ ሙቀት እንጂ ስለ በረዶ አይደለም። ሕፃኑ ተወግቶ እናቱም ተደስታ ትሄዳለች፤ በሽታው እስኪመጣ ድረስ ማንም አያውቅም።

ለክትባት የሚሻለው ባትሪ የማይፈልገው ኮልድ ቦክስ የሚባለው ሣጥን ነው። ለረጅም ጉዞ የጸደቀው ዓይነት ካልተከፈተ በ43 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ 96 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። በየቀኑ ሲከፈትና በረዶው እንደሚገባው ለዝቦ ሲገባ ጊዜው ስለሚያጥር ለአራት ሌሊት ጉዞ በሁለት ሌሊት ልክ ማሰብ ይሻላል። በረዶው የሚዘጋጀው ጤና ጣቢያ ውስጥ ስለሆነ፣ በዚያ በፀሐይ ኃይል በቀጥታ የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ ቢኖር ሥራው ይቃናል፤ ይህ ዓይነቱ ፀሐይ ባይወጣም ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲቆይ ሆኖ ይሠራል። በረዶ ማዘጋጃ ክፍል ያለውን መምረጥ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ሁሉም የለውምና።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ነገር እንጨምር። አይስ ፓኩን ከማቀዝቀዣው እንዳወጣችሁ ወዲያው ወደ ሣጥኑ አታስገቡት። ጠረጴዛ ላይ አቆዩትና እያነሣችሁ ነቅንቁት፤ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ ከሰማችሁ ጊዜው ደርሷል። በመተማ ሙቀት ይህ በደጋ እንደሚወስደው ያህል አይቆይምና ትታችሁት አትሂዱ።