ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ? ሞያሌ ሆኖ ሰርተፍኬት ለሚያስብ

በኬንያዋ ሞያሌ ሳይበር የገባ ሰው የሚያገኘው ዊንዶውስ ነው። የኬንያ መንግሥት አገልግሎት መስጫ ድረ ገጽ ኢሲቲዝን የሚከፈተው፣ የግብር ቅጽ በአይታክስ የሚሞላው በእሱ ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2020 ኬንያና ኢትዮጵያ ባስመረቁት የጋራ ድንበር ጣቢያ ዙሪያ የሚሠሩ ትራንዚተሮችም ሰነዳቸውን የሚልኩት በድረ ገጽ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተናግዱት ሰርቨሮች ግን ሌላ ቦታ ናቸው፤ በዓለም ላይ ካሉት ሰርቨሮች ደግሞ ብዙዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ማይክሮሶፍት እንኳ በራሱ ክላውድ በአዡር ላይ ከግማሽ በላይ የሚሠራው ሊኑክስ መሆኑን ተናግሯል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥራውን ይምረጡ። በካውንቲ መሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኞችን መርዳት ከሆነ ሐሳብዎ፣ ዊንዶውስ ያዋጣል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ኤምሲኤስኤ የተባለውን ዝነኛ ሰርተፍኬት ማይክሮሶፍት በ2021 ጃንዋሪ መጨረሻ አቁሞታል። ዛሬ በዚህ ስም ለፈተና አዘጋጅሃለሁ ለሚል ማሠልጠኛ ገንዘብ አይክፈሉ። በምትኩ የመጡት ሰርተፍኬቶች የዊንዶውስ ሰርቨርን ከአዡር ጋር አዋህደው የሚፈትኑ ናቸው፤ በየዓመቱ ይታደሳሉ፣ እድሳቱ ግን በነፃ ነው።

ሰርቨር ማስተዳደር ለሚፈልግ ምክሬ ሊኑክስ ነው። ኤልፒክ 1 የተባለው ሰርተፍኬት ሁለት ፈተና አለው፣ ለ5 ዓመት ያገለግላል፣ ከአንድ ኩባንያም ጋር አያስርም። እኔ የማደላው ግን ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ኩባንያ ለሚሰጠው አርኤችሲኤስኤ ነው፤ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ፈተናው «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ብሎ አያስመርጥም፤ ኮምፒውተር ይሰጥዎትና ሥራ ያዝዎታል። የጠፋ የሩት ፓስወርድ ይቀይሩ፣ የዲስክ ቦታ ያስፉ፣ በፋየርዎል ላይ ፖርት ይክፈቱ ይልዎታል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ሥራዎ እንዳለ ካልተገኘ ግን ነጥብ የለም። እዚህ ላይ መውደቅ ቀላል ስለሆነ፣ ሲለማመዱ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ማሽኑን ሪስታርት አድርገው ያረጋግጡ። እንዲህ ያለ ፈተና ያለፈ ልጅ ቀጣሪ ፊት የሚያሳየው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ለሌለው የጠረፍ ከተማ ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መለማመጃው በነፃ ይገኛል። ሮኪ ሊኑክስ ወይም አልማ ሊኑክስ ከሬድ ሃት ሊኑክስ ጋር እጅግ የተቀራረቡ ናቸው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይጫናሉ። ኢንተርኔት ለሚወደድበት ሰው ሚኒማል የሚባለው ትንሹ ፋይል ይበቃል፤ አንዱ አውርዶ በፍላሽ ለሌላው ይስጥ።

ፈተናውን ከቤት መውሰድም ይቻላል። ነገር ግን ካሜራና የማይቆራረጥ መስመር ይጠይቃል፣ ክፍያውም በዶላር የሚተመን ከባድ ገንዘብ ነው። በመሀል መብራት ሊሄድ የሚችልበት ቤት ውስጥ ይህን ያህል ገንዘብ ከማስያዝ፣ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ማረፊያ ያለው ሰው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞም ቢሆን እዚያ ቢፈተን ይሻለዋል።