የደን ጠረፍ ድንክዬዎች

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚያቋርጠው ትሬይል ሪጅ የተባለው መንገድ እስከ 3,713 ሜትር ይወጣል። ዳገቱ ሲጀመር ግራና ቀኙ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቅጥቅ ደን ነው። 3,500 ሜትር አካባቢ ሲደረስ ግን ዛፉ ይሳሳል፣ ያጥራል። በመጨረሻም ግንዳቸው የተጠማዘዘ፣ መሬት ለመሬት የተነጠፉ፣ ከሰው ወገብ የማያልፉ ዛፎች ብቻ ይቀራሉ። የዕፅዋት ተመራማሪዎች «ክሩምሆልዝ» ይሏቸዋል።

ላያቸው ሰው የታመሙ ይመስላሉ። አይደሉም። ከተራራው ዝቅ ብሎ 30 ሜትር የሚመዘዘው የኤንግልማን ስፕሩስ የተባለው ዛፍ ነው፣ እላይ ሲደርስ ጉልበት ላይ የሚቀረው። በአውሮፓ አልፕስ በዘሩ ድንክ የሆነ የተራራ ጥድ መኖሩ እውነት ነው፤ እዚህ ግን ያሳጠረው ቦታው ነው።

ጥፋቱ የሚደርሰው በክረምት ነው። ነፋሱ ጠጣር የበረዶ ቅንጣት እያነሳ ቅጠሉን ይፍቃል፤ ቅጠሉን የሸፈነው ስስ ሰም ሲነሳ እርጥበቱ ይተናል። መሬቱ ደግሞ በውርጭ ጠጥሯል፤ ሥሩ ምትክ ውኃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ በነፋሱ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ደርቆ ይሞታል፣ በሌላው በኩል ያለው ይተርፋል፤ ዛፉም በአንድ ወገን ብቻ የሚውለበለብ ባንዲራ ይመስላል። በረዶ የሸፈነው የታችኛው ክፍል ግን አይነካም። በበጋ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የበረዶው ከፍታ የት ድረስ እንደነበረ በቀላሉ ያውቃል፦ እስከዚያ ድረስ ለምለም ነው፣ ከዚያ በላይ የተላጠ ግንድ።

በበረዶ ክብደት አፈር የነካ ቅርንጫፍ ሥር ያወጣል። በነፋሱ በኩል እየሞተ በሌላው በኩል ሥር እየሰደደ የሚቀጥለው ቁጥቋጦ፣ በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ይሁን እንጂ፣ ቦታ ይቀይራል ማለት ነው። ዛፍ አይሄድም ያለው ማን ነው?

ነፋስ ብቻውን ግን ደንን አያስቆምም። በባዝል ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ኮርነር ያደረጋቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በየትኛውም አህጉር ደን የሚያበቃው የዕድገት ወቅቱ አማካይ ሙቀት 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነበት ነው። ረጅም ዛፍ ቀዝቃዛው አየር ውስጥ ይቆማል፤ አጭሩ ፀሐይ ካሞቀችው መሬት ጋር ተለጥፎ ይሞቃል።

ይህ ስልት ስንት ዘመን እንደሚያኖር ለማየት ስዊድን መሄድ ያስፈልጋል። ፉሉፍየሌት ተራራ ላይ ያለው «ኦልድ ቺኮ» የተባለ ስፕሩስ ግንዱ አምስት ሜትር ያህል ነው፣ ዕድሜውም ብዙ አይደለም። ከሥሩ የተገኘው እንጨት ግን በካርበን ምርመራ ወደ 9,550 ዓመት ተገምቷል። ሌይፍ ኩልማን የተባሉት ተመራማሪ እንደሚሉት ዛፉ ለሺህ ዓመታት እንደ ቁጥቋጦ ተነጥፎ ቆይቶ፣ ቀና ያለው አየሩ ሲሞቅ ባለፈው ክፍለ ዘመን ነው።

የእኛ አገር የደን ጠረፍ የአስታ ነው። በባሌ ተራሮች ከሀረና ደን በላይ ሰው የሚጠለልበት ዛፍ የሆነው አስታ፣ ሳነቴ አምባ ሲደርስ ቋጥኝ የሚታከክ ቁጥቋጦ ይሆናል። እዚህ የሚያሳጥረው በተለይ የሌሊት ውርጭ፣ እሳትና የከብት አፍ ነው። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ቃጠሎው ከተደጋገመ ግን ዛፍ የመሆን ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ባሌ ወይም ስሜን የሚወጣ መንገደኛ አስታውን እንዳይቆርጥ ማገዶውን ከታች ይዞ ቢወጣ ደግ ነው።