ኪሮሽ፦ ለሚያገግም ሰው የሚስማማ ሥራ

ትኩሳቱ ለቆ፣ ስፌቱ ደርቆ፣ ሐኪሙም «በቃ፣ ቤትሽ ሂጂ» ካለ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ከሕመሙ ከራሱ የሚረዝምበት ሰው ብዙ ነው። ሕመምተኛዋ ተነሥታለች፤ ወደ ሥራዋ ግን አልተመለሰችም። በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ይህ ጊዜ በተለይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የጉራጌ ቤት ሥራ ጉልበት ይጠይቃል። እንሰት መፋቅ ብቻውን ጤነኛ ወገብና ጠንካራ እግር ይፈልጋል፤ እንጨቱ፣ ውሃውና ገበያው ሲጨመርበት ደግሞ የሚባል አይደለም። ሆዷን ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር እንዳታነሳ ይነገራታል። ቡላው በቅቤ ተገንፍቶ ይቀርብላታል፣ ጠያቂ ይመላለሳል፤ አንዱ «እግዜር ይማርሽ»፣ ሌላው «አላህ አፊያ ያድርግሽ» እያለ ይቀመጣል። ጠያቂው ሲሄድ ግን ቀኑ ገና ብዙ ይቀረዋል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራ የኖረች ሴት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አትችልበትም፤ ቤተሰቡ ደግሞ ድስት እንኳ እንድታነሳ አይፈቅድላትም። ማንም «ተይ» የማይላት ሥራ አንድ ነው፤ ዳንቴል።

ዳንቴል የሚሠራበት ኪሮሽ ከእርሳስ የሚቀጥን፣ ጫፉ ቆልመም ያለ የብረት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ነው። ከአንድ ጥቅል ክር በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑና ቡፌው ዳንቴል የለበሰበት ቤት ያላየ የከተማ ሰው የለም፤ እንዴት እንደሚሠራ ልብ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው።

ክሩ በግራ እጅ ሌባ ጣት ላይ ይዞራል። የክሩን ውጥረት የሚቆጣጠረው ይህ ጣት ነው፤ ካጠበቀ ሥራው ይደርቃል፣ ካላላ ይዝረከረካል። በመጀመሪያ አንድ ላላ ያለ ቀለበት ይታሰርና ኪሮሹ ይገባበታል። ኪሮሹ ክሩን ጠልፎ በቀለበቱ ውስጥ ሲያወጣው አዲስ ቀለበት ይፈጠራል፤ የበፊቱም ከሥሩ ይታሰራል። ይህ ሲደጋገም ሰንሰለት ይሆናል፤ የሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ሲገናኝ ደግሞ ክብ ይወጣል። ቀጥሎ ያለው ሥራ በክቡ ዙሪያ ዓይን እየጨመሩ መሄድ ነው። እዚህ ላይ ቆጠራ አለ። ክቡ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ እንዲተኛ ከተፈለገ በየዙሩ የዓይኑ ቁጥር በልኩ መጨመር አለበት። ጭማሪው ካነሰ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ከበዛ ጠርዙ ይሸበሸባል። የሕፃን ኮፍያ የሚሠሩ ሴቶች መጎድጎዱን ሆን ብለው ያመጡታል፤ ክቡ የሕፃኑን አናት ሲያክል መጨመሩን ያቆሙና ያንኑ ቁጥር ይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ።

ኪሮሽን ከሹራብ የሚለየው ነገር ለሚያገግም ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። ሹራብ በሁለት መርፌ ነው የሚሠራው፤ በማንኛውም ሰዓት በመርፌው ላይ ብዙ ክፍት ዓይኖች ተደርድረው ይጠብቃሉ። መርፌው ከሾለከ ዓይኖቹ ይወርዳሉ፣ አንዱ የወረደ ዓይንም እስከ ታች ይተረተራል። በኪሮሽ ግን ክፍት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ድካም ድንገት ሲመጣ፣ ጠያቂ ሲገባ፣ የመድኃኒት ሰዓት ሲደርስ ያችን ቀለበት ሳብ አድርጎ አላልቶ ማስቀመጥ ይበቃል። ከሦስት ቀን በኋላም ካቆሙበት ይቀጠላል። ከበሽታ የተነሣ ሰው ጉልበቱ መቼ እንደሚከዳው አያውቅም፤ ስለዚህ በማንኛውም ደቂቃ ሊያቋርጡት የሚቻል ሥራ ያስፈልገዋል። 

ምን ይሠራ? ይህ እንደ ሕመሙ ርዝመት ነው። የቲቢ ሕክምናን እንውሰድ። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ የቀሩት አራት ወራት በሁለት ዓይነት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነት የዛለ ስለሚሆን በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ የብርጭቆ ማስቀመጫ ይበቃል። መጨረስ በራሱ ያበረታል፤ ለዚህ ነው በትልቅ የጠረጴዛ ልብስ መጀመርን የማልመክረው። አቅም ሲመለስ ወደ አራት ማዕዘን ቁራጮች መሄድ ይቻላል። መዳፍ የሚያክሉ ቁራጮች በተረፈ ክር ሁሉ አንድ በአንድ ይሠሩና በመጨረሻ ተጋጥመው ብርድ ልብስ ይሆናሉ። ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ጭን ላይ አይከብድም፤ ሥራው ሲጠራቀም ግን ስድስት ወር ሙሉ ምን ሲደረግ እንደነበር ይታያል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኋላ ያቋቋሙትን የፊስቱላ ሆስፒታል በፎቶ ያየ ሰው ሴቶቹ የሚደርቡትን ባለ ብዙ ቀለም የእጅ ሥራ ልብስ ያስታውሳል። በሩቅ አገር ያሉ የማያውቋቸው ሴቶች ሠርተው የላኩላቸው ነው። በራሷ እጅ የሠራችውን የምትደርብ ሴት ደግሞ ከዚያም በላይ ደስታ ይኖራታል ብዬ አምናለሁ።

ለጉራጌ ቤት ግን ዋናው ቀጠሮ መስቀል ነው። አዲስ አበባና ሌላም ከተማ ያለው ልጅ ሁሉ ለመስቀል ይገባል፤ ቤቱ ይጸዳል፣ ዕቃው ይታጠባል፣ የተቀመጠው ሁሉ ወጥቶ ይዘረጋል። በክረምት የታመመች እናት ለክትፎው ዝግጅት እንደ ወትሮዋ መንጎዳጎድ ላትችል ትችላለች። አዲስ ዳንቴል ካደረሰች ግን ለበዓሉ የበኩሏን አዋጥታለች፤ ይህ ለክብሯ ትልቅ ነገር ነው። ክሩን ከመርካቶ የሚልክላት ልጅም ከብርቱካንና ከሙዝ የተሻለ የመጠየቂያ ስጦታ ላከ ማለት ነው።

ከሕመም መዳን ማለት ወደ ዕለት ኑሮ መመለስ እንደሆነ እዚሁ አካባቢ በጥናት ታይቷል። በቡታጅራ አቅራቢያ ባለው በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች ጋር የተደረገውና ራይዝ የተባለው ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ታትሟል። ከአካባቢው ተመርጠው የሠለጠኑ ሠራተኞች ሕመምተኞቹን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ከቤተሰብ ጋር እንዲስማሙ፣ ራሳቸውን እንዲጠብቁ፣ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ያግዙ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ይህን እገዛ ከጤና ተቋም ሕክምና ጋር አጣምረው ያገኙት ሰዎች ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ ይመሩ ነበር። ጥናቱ ስለ ኪሮሽ አልነበረም። ስለ ሹራብ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የብሪታኒያ ተመራማሪዎች ዳሰሳ ነው፤ ከ31 አገሮች 3,545 ሹራብ ሠሪዎች መልስ ሰጥተውበታል። አዘውትረው የሚሠሩት ሰዎች ሥራው እንደሚያረጋጋቸውና ደስ እንደሚያሰኛቸው ተናግረዋል። የተጠየቁት ሹራብ የሚወዱት ራሳቸው ስለሆኑ ክርና መርፌ በሽታ ይፈውሳል ለማለት አይበቃም፤ መድኃኒቱን የሚተካ ነገር የለም።

ጥንቃቄም አለ። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አይሶናያዚድ በአንዳንድ ሰው ላይ የእጅና የእግር ጣትን ያደነዝዛል ወይም ይጠዘጥዛል። ክር ስትይዝ ጣቷ የደነዘዘባት ሴት «ከመቀመጥ ብዛት ነው» ብላ ማለፍ የለባትም፤ ቫይታሚን ቢ6 የሚረዳበት ችግር ስለሆነ ለጤና ባለሙያው ቶሎ መንገር አለባት። በሥጋ ደዌ ምክንያት ጣቱ ስሜት ያጣ ሰው ደግሞ መወጋቱ ወይም በክር መቆረጡ ስለማይሰማው እጁን በየጊዜው እያየ መሥራት ይኖርበታል። ቡታጅራ በግራርቤት የዓይን ሕክምና የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ከዚያ ዓይኗን ታክማ የወጣች ሴት ኪሮሽ ከማንሳቷ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። ለሁሉም የሚሆነው ምክር በቀን ብርሃን፣ በረንዳ ላይ ወይም ደጃፍ ላይ፣ ክርንን በትራስ አስደግፎ መሥራት ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ ጥቁር ክር መቁጠር ዓይንን ያደክማል።

እስካሁን «እሷ» እያልኩ የጻፍኩት ዳንቴል በቤታችን የሴት ሥራ ስለተባለ ነው። እግሩ ተሰብሮ በጄሶ የታሰረ ወጣት ወይም ከሆስፒታል የወጣ አባትም ግን ሁለት እጅ አላቸው፤ መቀመጡም እኩል ያንገላታቸዋል። በአገራችን ሸማኔው ወንድ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችም በየሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆነው ጥልፍና ሹራብ ይሠሩ ነበር። ወልቂጤ ውስጥ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲነካካ የሚውል ወንድም ካለ፣ እህቱ ኪሮሽና አንድ ጥቅል ክር ሰጥታ የመጀመሪያዋን ሰንሰለት ታሳየው፤ ለመጀመር አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።