36ኛዋ ፎቶ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማለዳ፣ የፎቶ ቤቴን በር ከፍቼ ሳልጨርስ ጥቁር የለበሰች ወጣት ገባች፡፡ በእጇ የያዘችው ከመታወቂያ ላይ የተላጠ ጉርድ ፎቶ ነበር፡፡ “ጋሼ፣ አባቴ ነው፤ ሌሊት ዐረፈ፡፡ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት ያሳድጉልኝ” አለችኝ፡፡

ፎቶውን በኮምፒዩተር ሳሳድገው አጠገቤ ቆማ ታያለች፡፡ ፍላሽ ያስደነገጣቸው ዓይኖች፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ኮሌታ፣ ግጥም ያሉ ከንፈሮች፡፡ ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ካየች በኋላ “እሱን አይመስልም” አለች፡፡ ቀጥላም የታላቅ እህቷን ሰርግ በ1997 ዓ.ም. ያነሣሁት እኔ መሆኔን አስታወሰችኝ፡፡

የድሮ ኔጌቲቮቼን በየዓመቱ ለይቼ በካርቶን አስቀምጣለሁ፡፡ ፈልገን አገኘነው፡፡ አባቷ በሰባት ፎቶዎች ላይ አሉ፤ በሰባቱም እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆመዋል፡፡ ተስፋ ቆርጬ የአንዱን ፊልም ጫፍ ወደ መብራቱ ሳነሣ ያላተምኳት አንዲት ፎቶ አየሁ፡፡

በዚያ ዘመን የምጠቀምበት ፊልም 36 ፎቶ ነበር የሚይዘው፡፡ ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት አዲስ ፊልም ለመክተት ስጣደፍ፣ የቀረችኝን አንዷን ወደ ድንኳኑ ጥግ አዙሬ እንዲሁ ተጭኜ ጨርሻታለሁ፡፡ በእሷ ላይ የሙሽራዋ አባት ኮታቸውን አውልቀው፣ ፎጣ በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ ማንቆርቆሪያ ይዘው አንድ አዛውንት እንግዳ እጅ ያስታጥባሉ፡፡ ያን ቀን ሥራው የእሳቸው አልነበረም፤ አስተናጋጅ ሞልቷል፡፡ አንገታቸውን ሰበር አድርገው የሚያዩት የሚወርደውን ውኃ ብቻ ነው፡፡ እኔ ግን የባከነች ፎቶ ብዬ ከአልበሙ አስቀርቻት ነበር፡፡ ልጅቷ “ይሄ ነው አባባ” ብላ አለቀሰች፡፡ ለቅሶ ቤቱ የተሰቀለችው እሷ ናት፡፡

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፡፡ ይህን ሁሉ ዓመት “ቀና በል፣ ወደዚህ እይ፣ ፈገግ” እያልኩ ስሠራ ያመለጠኝ ስንት ነው?

ቀጥ ብሎ የመቆም ወግ

ቀጥ ብለን የምንነሣው ያለምክንያት አይደለም፡፡ በአገራችን ፎቶግራፍ ቀድሞ ወግ የያዘው በቤተ መንግሥት ዙሪያ ነው፡፡ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀውበታል፡፡ የንጉሥና የመኳንንት ምስል ደግሞ ግርማ ይፈልጋል፡፡ ፎቶ ወደ ሰፈር ፎቶ ቤት ሲወርድም ወጉን ይዞ ነው የወረደው፡፡ በዚያ ላይ ፊልሙም ኅትመቱም ገንዘብ ነው፡፡ ሰው ከስንት ጊዜ አንዴ ለሚነሣት ፎቶ የክት ልብሱን ቢለብስና ትንፋሹን ቢውጥ አይፈረድበትም፡፡

ችግሩ፣ በዚህ ወግ የሚቀረው ሰውየው አንድ ቀን የለበሰው ልብስ መሆኑ ነው፡፡ በየቀኑ የምናውቀው ሰው ያለው እጁ ላይ፣ አንገቱ አሰባበር ላይ፣ አንድን ነገር አያያዙ ላይ ነው፡፡

ጸጥ ያለው ሞገስ

ለዚህ ነገር ስም ስፈልግ “ጸጥ ያለ ሞገስ” እለዋለሁ፡፡ ሰው መታየቱን ረስቶ ልቡን በሙሉ ለያዘው ነገር ሲሰጥ የሚታይ ነው፡፡ እጁ በግሪስ የተለወሰ መካኒክ ሰላም ሲሉት እንዳያቆሽሽዎ የእጁን አንጓ ይሰጥዎታል፡፡ ሊስትሮው እግር እንዲቀይሩ ሲፈልግ ከመናገር ይልቅ ሣጥኑን በብሩሹ ጀርባ ኳ ያደርጋል፡፡ ቡና የምትቀዳ ሴት ጀበናውን ከፍ አድርጋ ቀጭኑን ክር ሳትበጥስ ስኒዎቹን ስትሞላ ወሬዋን ለአፍታ ታቆማለች፡፡ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ የማይበልጡ ናቸው፡፡

ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን (1908–2004 እ.ኤ.አ.) ስለዚህች ሰከንድ ብዙ አስተምሮናል፡፡ በ1932 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ውኃ ሲዘል ያነሣው ሰውዬ እግሩ ውኃውን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ተይዟል፡፡ እኔን ይበልጥ የሚያጽናናኝ ግን የኒውዮርኩ ሶል ላይተር ነው፡፡ ለአሥርት ዓመታት በሚኖርበት ሰፈር እየተዘዋወረ ዝናብ የመታው መስኮት፣ ጃንጥላ፣ በመስታወት በስተጀርባ የቆመ ሰው ሲያነሣ ኖረ፡፡ የቀድሞ የቀለም ሥራዎቹን የያዘው መጽሐፍ የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ዕድሜው ከሰማንያ አልፏል፡፡ የራስን ሰፈር ደጋግሞ ማየት እንደማያልቅ ከእሱ ተምሬያለሁ፡፡

ብርሃንና ነጠላ

ማየት ግን ብርሃንን ከማወቅ ይጀምራል፡፡ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ወደ ላይ የምትወጣው በፍጥነት ነው፡፡ ለስላሳው የማለዳ ብርሃን ብዙም ሳይቆይ ይሄዳል፡፡ ቀትር ላይ ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ ዓይንን ጉድጓድ ያስመስላል፡፡ ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ሰውን ከፀሐይ ይልቅ በር አጠገብ ወይም በረንዳ ጥላ ሥር ማየት ይሻላል፡፡

ካሜራም የራሱ ሞኝነት አለው፡፡ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፡፡ ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ፊቱ ስትቆም ነጩ ያታልለውና ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቷ ይጨልማል፡፡ በስልክ የምታነሡ ከሆነ መስታወቱ ላይ ፊቷን በጣታችሁ ንኩት፣ ይስተካከላል፡፡ ያው ነጠላ ደግሞ በሌላ በኩል ይክሳል፤ ብርሃንን ከታች ወደ ፊት እየመለሰ የአገጭን ጥላ ያለሰልሳል፡፡ ፈረንጅ ለዚህ ሥራ ነጭ ሰሌዳ ይገዛል፤ እናቶቻችን ለብሰውት ይሄዳሉ፡፡

“እንዲህ ሆኜ አታንሣኝ”

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ግን አንድ ስሕተት ሠራሁ፡፡ በክረምት አመሻሽ በቆሎ የሚጠብሱ እናት አየሁ፡፡ የከሰሉ ፍም ፊታቸውን አብርቶታል፣ እጃቸው ማራገቢያውን ይዟል፡፡ ሳልጠይቅ አነሣኋቸው፡፡ ቀና ብለው አዩኝና “ልጄ፣ እንዲህ ሆኜ አታንሣኝ” አሉ፡፡ ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመና ነበር፡፡ እኔ ሞገስ ያልኩት ለእሳቸው ማንም ባያየው የሚሉት ድካም ነበር፡፡

ፎቶውን እያዩ አጠፋሁት፡፡ በማግስቱ ተመልሼ እንዴት መነሣት እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው፡፡ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በነጭ በነጭ ሆነው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ቀጥ ብለው ቆሙልኝ፡፡ አትሜ ሰጠኋቸው፡፡ በዚያ ቀን የተማርኩት፣ ቀጥ ብሎ የመቆም ወግም የሰው ክብር መሆኑን ነው፡፡ የድካምን ምስል ባለቤቱ ካልፈቀደው የእኔ አይደለም፡፡ የቤት ሰው ሲሆንም ያው ነው፤ ማንሣት ይቻላል፣ ማሳየት ግን አሳይቶ ጠይቆ ነው፡፡

ዛሬ ብዙዎቻችሁ በኪሳችሁ ካሜራ ይዛችሁ ትዞራላችሁ፡፡ በስልካችሁ ውስጥ የልደት ኬክና የሆቴል ምሳ በመቶ ይቆጠራል፡፡ እስኪ አባታችሁ መነጽራቸውን ሲወለውሉ፣ እናታችሁ ሽሮ ሲነፉ የሚታዩበት አለ? ከሌለ በዚህ ሳምንት አንድ ሁለት አንሱ፤ አሳዩአቸው፤ ከወደዱት ደግሞ በወረቀት አሳትሙት፡፡ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ እኔ ያን ማለዳ የደረስኩት ኔጌቲቩ ካርቶን ውስጥ ስለቆየ ነው፡፡

የምሠራበት ዲጂታል ካሜራ 36ኛ የሚባል ፎቶ የለውም፡፡ እኔ ግን በየሰርጉ ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት አንድ ጊዜ ወደ ድንኳኑ ጥግ ዞር እላለሁ፡፡ አልበሙን ሲረከቡ “ይሄን ማን አዘዘ?” የሚሉኝ አሉ፡፡ እስካሁን አውጣው ያለኝ ግን የለም፡፡