ትንሽ ፈረስ፣ ሙሉ ሰው፦ የድንክ ፈረሶች የመሸከም ዐቅም እና የጋላቢው ክብደት

ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ያለ ብረት ጫማ ጫንቃው ላይ ሲለካ ከ148 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥን ፈረስ «ፖኒ» ወይም ድንክ ፈረስ ብሎ ይመድበዋል። ድንበሩ የተበጀው ለውድድር ሥርዓት ነው። ከውድድር ሜዳ ሲወጣ ግን ሌላ ትርጉም ተላብሶ ይገኛል፤ ድንክ ፈረስ የልጅ ነው፣ ሙሉ ሰው ሲወጣበት በእንስሳው ላይ ግፍ ይፈጸማል የሚል። በዚህ መለኪያ ከሄድን የአይስላንድና የሞንጎሊያ ፈረሶች፣ በስኮትላንድ ተራሮች አዳኞች የገደሉትን አጋዘን የሚያወርዱት የደጋ ፈረሶች፣ እንዲሁም የሀገራችን ፈረሶች በጠቅላላው ሊባል በሚችል ደረጃ ድንኮች ናቸው። ሁሉም ለዘመናት አዋቂ ሰው ሲሸከሙ ኖረዋል። አይስላንዳውያን የራሳቸውን እንስሳ «ፈረስ» እንጂ «ድንክ ፈረስ» ብለው አይጠሩትም፤ ስሙን እንደ ስድብ የሚቆጥሩት አሉ።

ቁመት የመሸከም ዐቅም መለኪያ አለመሆኑን ከሁሉ ቀድሞ በግልጽ ያሳየው ጋሊሌዮ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው፣ ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚያትተው መጽሐፉ፣ ትንሽ ውሻ እሱን የሚያካክሉ ሁለት ወይም ሦስት ውሾችን በጀርባው ሊሸከም ይችል ይሆናል፣ ፈረስ ግን አንድ አምሳያውን እንኳ መሸከሙ ያጠራጥራል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ምክንያቱ የስፋትና የይዘት ዝምድና ነው። የአንድ እንስሳ ልኬት በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ቢሆን ክብደቱ 8 ጊዜ ያድጋል፤ አጥንቱ አግድም ቢቆረጥ የሚታየው ስፋት ግን የሚያድገው 4 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ አካሉ ያነሰ እንስሳ ከራሱ ክብደት አንጻር ሲታይ ጠንካራ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። አጭር ጀርባ፣ ሰፊ ወገብና ወፍራም የእግር አጥንት ሲታከሉበት ድንክ ፈረስ ከቁመቱ የማይጠበቅ ጭነት የሚችልበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ይህ ማስረጃ የሚነግረን ቆሞ ስለ መሸከም ነው። ፈረስ ደግሞ የሚፈለገው እንዲሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ቴይለርና ባልደረቦቹ በአይጥ፣ በውሻ፣ በሰውና በፈረስ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የሚሮጥ እንስሳ ጭነት ሲጨመርበት የሚወስደው ኦክስጅን በጭነቱ ልክ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ጭነቱ የሰውነቱን ክብደት 20 በመቶ ያህል ከሆነ የኦክስጅን ፍጆታውም ወደ 20 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አይጡም ፈረሱም ለዚህ ሕግ እኩል መገዛታቸው ነው። ትንሽነት አጥንትን ከመሰበር ሊያድን ይችላል፤ ከትንፋሽ ዕዳ ግን አያድንም። በድንክ ፈረሶች ላይ የሚካሄደው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚምታታው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ተደርገው ስለሚወሰዱ ይመስለኛል። አንዱ ወገን «ይችላል» ሲል ስለ አጥንት ይናገራል፤ ሌላው «ይጎዳል» ሲል ስለ ጡንቻና ስለ ትንፋሽ ይናገራል።

በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው የ20 በመቶ ደንብ፣ ማለትም ጋላቢውና ኮርቻው በአንድነት ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ አይብለጡ የሚለው፣ የሙከራ ድጋፍ ያገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ፓወልና ባልደረቦቿ 8 ፈረሶችን የክብደታቸውን 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ እያሸከሙ ፈትነዋል። ጭነቱ 25 እና 30 በመቶ ሲደርስ የልብ ምት ከፍ ማለትና የጡንቻ መታመም ጎልቶ ታይቷል። ከዚህ ይልቅ ለርእሳችን የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ወገባቸው ሰፊና የእግር አጥንታቸው ዙሪያ ወፍራም የሆኑት ፈረሶች የጡንቻ ሕመማቸው ያነሰ ነበር።

በድንክ ፈረስ ላይ በቀጥታ የተሠራው ጥናት የመጣው ከአይስላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የስቴፋንስዶቲርና ባልደረቦቿ ጥናት ልምድ ያላቸውን 8 የአይስላንድ ፈረሶች የጋላቢውንና የኮርቻውን ክብደት ከ20 እስከ 35 በመቶ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ 642 ሜትር አስኪዷል። መለኪያው በደም ውስጥ የሚገኘው ላክቴት ነበር። ላክቴት በሊትር 4 ሚሊሞል ሲደርስ ጡንቻው ኦክስጅን በበቂ መጠን ሳያገኝ መሥራት እንደ ጀመረ በተለምዶ ይወሰዳል። ፈረሶቹ እዚህ ወሰን ላይ የደረሱት በአማካይ ጭነቱ 22.7 በመቶ ሲሆን ነው። አማካዩ ግን ብዙ ይሸፍናል፤ አንዱ ፈረስ በ17 በመቶ ሲደርስበት ሌላው እስከ 27.5 በመቶ ቆይቷል። በአንድ ሀገር ባደጉ የአንድ ዝርያ ፈረሶች መካከል ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ ለድንክ ፈረሶች ሁሉ አንድ ቁጥር መደንገግ የሚያዋጣ አይደለም።

ፈረሶቹ የተፈተኑበት አረማመድም ሊዘለል አይገባም። አይስላንዳውያን «ቶልት» የሚሉት ይህ አረማመድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ሰጋር በቅሎ የምንለው፣ ጋላቢው ላይ ውኃ የሞላ ጽዋ ቢይዝ የማይፈስበት ዓይነት አካሄድ ነው። በሶምሶማ ሩጫ ፈረሱ በየእርምጃው መሬት ለቆ ይነሣል፤ ተመልሶ ሲያርፍም ጋላቢው ጀርባው ላይ ይወድቅበታል። በቶልት ግን ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ ኮቴ መሬት ላይ ስለሚገኝ መነጠሩ በእጅጉ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንደርሰንና ባልደረቦቹ ይህ የመስገር ችሎታ ዲ.ኤም.አር.ቲ.3 በተባለው ዘረመል ላይ ከተከሰተ ለውጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጠዋል። ጭነት በኪሎ ብቻ አይለካም የሚባለው ለዚህ ነው፤ 70 ኪሎ ሰው በሰጋር ፈረስ ላይና በሚያንገጫግጭ ፈረስ ላይ አንድ ዓይነት ጭነት አይደለም።

አይስላንዳውያን ይህን የተፈጥሮ ጸጋ በአያያዝ ደግፈውታል። ፈረሱ ለኮርቻ የሚደርሰው በአብዛኛው 4 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። በመስከረም ወር በጎችን ከተራራ ሲያወርዱም ሆነ ረዥም መንገድ ሲጓዙ፣ ኮርቻ ያልተጫነባቸውን ፈረሶች በመንጋ እየነዱ በየጊዜው ይቀያይራሉ። የሞንጎሊያ እረኞችም ፈረስ እየለወጡ ይጋልባሉ። ስለዚህ «እዚያ ሀገር አዋቂዎች ትንንሽ ፈረስ ይጋልባሉ» ብሎ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው፣ አንዱ ፈረስ በቀን ውስጥ ለስንት ሰዓት እንደሚጋለብም አብሮ መናገር ይኖርበታል።

ከጋላቢው ወገን ደግሞ ከክብደት ቀጥሎ የሚነሣው ኮርቻ ነው። ድንክ ፈረስ ጀርባው አጭር ስለሆነ ለትልቅ ሰው የሚበቃ ሰፊ ኮርቻ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት አልፎ ወገቡ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ኮርቻው ከጠበበ ጋላቢው ወደ ኋላ ተገፍቶ ክብደቱን በኮርቻው ጫፍ ላይ ያሳርፋል። ሁለቱም ጎጂ ናቸው። የጋላቢው እግር ተንጠልጥሎ ለዓይን ማስቀየሙ ግን ለፈረሱ ምንም አይደለም።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ሀገራችን ስናመጣ ጉዳዩ ከበድ ይላል። በእፋ ቀፌና መሪነት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት በኢትዮጵያ 8 የፈረስ ዓይነቶችን ለይቷል፤ ከእነዚህም የሰላሌ፣ የባሌ፣ የሆሮ፣ የቦረናና የከፋ ይገኙበታል። ቁመታቸው በአብዛኛው ከ140 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እየተባሉ የተጠሩት በእንዲህ ዓይነት ፈረሶች ስም ነው። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚሰበሰቡት የአገው ፈረሰኞች የሚጋልቡት እነዚህኑ ነው።

ለአብነት የደረቱ ዙሪያ 145፣ ከትከሻ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ያለው ርዝመት 125 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ እንውሰድ። በተለመደው ቀመር የደረት ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ፣ በርዝመቱ ተባዝቶ፣ ለ11,880 ሲካፈል ክብደቱ ወደ 221 ኪሎ ይጠጋል። የዚህ 20 በመቶ 44 ኪሎ ነው። ኮርቻውና ልብሱ 8 ኪሎ ቢሆኑ ለጋላቢው የሚቀረው 36 ኪሎ ብቻ ነው። ደንቡ እንደ ወረደ ቢሠራበት በሀገሪቱ ፈረስ ላይ የሚወጣ አዋቂ አይኖርም። 30 በመቶ እንኳ ብንፈቅድ የምናገኘው 58 ኪሎ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ደንቡ ለፈረንጅ ፈረስ እንጂ ለእኛ አይሠራም ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እንደዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ችኩልነት ነው። ሁለት ነገሮች ገና መፈተሽ አለባቸው። አንደኛው ቀመሩ ራሱ ነው፤ የተገኘው በሌላ ሀገር ፈረሶች ስለሆነ በሚዛን ተመዝነው በታወቁ የሀገራችን ፈረሶች መስተካከል ይገባዋል። ሁለተኛው የግልቢያው ዓይነት ነው። በበዓል ቀን ለጥቂት ደቂቃ ሽምጥ የሚጋለብ ፈረስና ገበያ ለመድረስ ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ፈረስ የሚከፍሉት ዋጋ የተለያየ ነው። የመጀመሪያውን በልብ ምትና በላክቴት ማወቅ ይቻላል። ለሁለተኛው ግን በማግሥቱ ጠዋት ኮርቻው ወርዶ ሳለ የጀርባውን ጡንቻ በእጅ መዳበስ፣ ቁስልና እብጠት መፈለግ፣ ሲነኩት መሸሽ አለመሸሹን መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህም ለማንኛውም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ዐቅም የማይከብድ፣ ከአንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና ከአንድ ደብተር የበለጠ መሣሪያ የማይጠይቅ ሥራ ነው።