የሽቦ አልባ ኔትወርክ መቆጣጠሪያ ግልባጭ ሳይወሰድ የሚቀርበት ምክንያት

በቤተ መጻሕፍት የተቀመጠው ተማሪ መጽሔት የሚያነበው፣ መምህሩ የፈተና ውጤት የሚያስገባው፣ በመኝታ ክፍሉ ያለውም ከቤተ ሰቡ ጋር የሚነጋገረው ዛሬ በጣራና በግድግዳ ላይ በተሰቀሉ ነጫጭ ሣጥኖች አማካይነት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን እነዚህ አክሰስ ፖይንት የሚባሉት ሣጥኖች በራሳቸው የሚያውቁት ነገር ጥቂት ነው። የሚበዙት በየትኛው ሞገድ እንደሚሠሩ፣ ማንን እንደሚያስገቡና ማንን እንደሚከለክሉ የሚነግራቸው በአንድ ክፍል ተቈልፎበት የሚቀመጥ ዋየርለስ ኮንትሮለር፣ በአማርኛ መቆጣጠሪያ የምንለው መሣሪያ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩበት ካፕዋፕ የተባለው ደንብ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መቆጣጠሪያው ለእያንዳንዱ ሣጥን የሚሰጠው ትእዛዝ ሁሉ የተጻፈበት ኮንፊጉሬሽን የሚባል ፋይል አለ፤ እኛ የአሠራር መዝገብ እንለዋለን። የኔትወርኮቹ ስም፣ የሞገዱ መስመርና ኀይል፣ የተጠቃሚውን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርቨር አድራሻና የምሥጢር ቃሉ ጭምር በዚህ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። መቆጣጠሪያው ቢቃጠል ገንዘብ ያለው ሌላ ይገዛል። መዝገቡ ግን የብዙ ዓመት ውሳኔ ተጠራቅሞ የተጻፈ ስለ ሆነ በገበያ አይገኝም። በፈተና ሳምንት ይህ ቢደርስና ግልባጭ ባይኖር ባለሙያዎቹ መዝገቡን ከማስታወሻቸው እየለቀሙ እንደገና ለመጻፍ ይገደዳሉ። ስለዚህ ግልባጩ በየሌሊቱ እንዲወሰድ ይታዘዛል። ጥያቄያችን እንግዲህ፣ የታዘዘው ግልባጭ ሳይወሰድ የቀረ እንደ ሆነ ምክንያቱ በምን መንገድ ይፈለጋል የሚለው ነው።

ምሳሌያችንን ሲስኮ ከሚባለው ኩባንያ መሣሪያዎች እንወስዳለን። እነዚህም ሁለት ወገን ናቸው። የቀድሞዎቹ የሚሠሩበት ኤርኦኤስ የተባለው ሥርዓት ሲስኮ በ2005 ዓ.ም. ከገዛው ከኤርስፔስ ኩባንያ የመጣ ነው። በ2018 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ካታሊስት 9800 ግን አይኦኤስ ኤክስኢ በተባለ በሌላ ሥርዓት ይሠራል። የሁለቱ ስመ ኩባንያ አንድ ሲሆን ቋንቋቸው ልዩ ልዩ መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን። አሮጌው መቆጣጠሪያ በአዲሱ ሲተካ ግልባጭ የሚወስደው ኮምፒዩተር ስለ ለውጡ ካልተነገረው በማያውቀው ቋንቋ እየጠየቀ ያድራልና።

ግልባጭ የሚወሰድበት መንገድ ሁለት ነው። በመጀመሪያው መንገድ መቆጣጠሪያው ራሱ መዝገቡን በኔትወርክ ወደ አንድ ሰርቨር ይልካል። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ አንድ ፕሮግራም እንደ ሰው ሆኖ ወደ መቆጣጠሪያው ይገባል፤ መዝገቡን አሳየኝ ይላል፤ የታየውንም መሥመር በመሥመር ይገለብጣል። ራንሲድና ኦክሲዳይዝድ የሚባሉት በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚሠሩ ናቸው። መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ በየትኛው መንገድ እንደ ተሠራ መለየት አለበት። በአንደኛው መንገድ የጠፋውን በሁለተኛው ሲፈልጉ ቀኑን የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው።

በመጀመሪያው መንገድ እጅግ የተለመደው ማጓጓዣ ቲኤፍቲፒ ይባላል። ደንቡ በ1981 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን አሁን የሚሠራበት በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ የታተመው ነው። ሲበዛ ቀላል ነው፤ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የሚያጓጉዘውንም አይሸፍንም። ላኪው በ69ኛው በር በኩል «ይህን ፋይል ልጽፍ ነው» የሚል ጥያቄ ያቀርባል። ሰርቨሩም ከተቀበለ በዚያው በ69ኛው በር አይመልስም፤ ለጊዜው በከፈተው በሌላ በር «ጀምር» ይላል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ 512 ባይት በ512 ባይት እየተቈረሰ ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱም ቁራሽ የደረሰኝ ቃል ይመለሳል።

ይህን አካሄድ የተረዳ ሰው ሰርቨሩ ላይ የተገኘውን ፋይል አይቶ ብቻ ብዙ ነገር ሊያውቅ ይችላል። ፋይሉ ጭራሹን ከሌለ ጥያቄው አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ እንቢ ተብሏል ማለት ነው። እንቢ የተባለ እንደ ሆነ ሰርቨሩ ቍጥር ይመልሳል፤ 1 ፋይሉ አልተገኘም፣ 2 ፈቃድ የለህም፣ 3 ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ አዲስ ሰው የሚያስደንቅ አንድ ልማድ አለ። በሊኑክስ ላይ የሚሠራበት የታወቀው የቲኤፍቲፒ ሰርቨር አስቀድሞ ተፈጥሮ ባልተቀመጠ ፋይል ላይ መጻፍን በተለየ ካልታዘዘ በቀር አይፈቅድም። መቆጣጠሪያው በየሌሊቱ ቀኑን የያዘ አዲስ ስም ይዞ ይመጣል፤ ሰርቨሩም በየሌሊቱ ይመልሰዋል፤ ሁለቱም እንደ ሥርዓታቸው ሠርተዋል፤ ግልባጩ ግን የለም።

ፋይሉ ኖሮ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። ጥያቄው ደርሷል፤ ሰርቨሩም ባዶውን ፋይል ከፍቶ «ጀምር» ብሏል። ነገር ግን መልሱ የወጣው ከሌላ በር ስለ ሆነ በመካከል የቆመው ፋየርዎል ይህን መልስ ከጥያቄው ጋር ሊያዛምደው አልቻለም፤ እንደ ባዕድ ቈጥሮ ጣለው። መቆጣጠሪያውም ሲጠብቅ ቆይቶ ተስፋ ቈረጠ። እንዲህ ያለ ባዶ ፋይል ሲታይ መቆጣጠሪያውን ደጋግሞ ማስነሣት ትርፍ የለውም፤ መጠየቅ ያለበት የፋየርዎሉ ኀላፊ ነው። ፋይሉ በመካከል ተቈርጦ ሲገኝ ግን በመጀመሪያ የሰርቨሩን ዲስክ ማየት፣ ቀጥሎም የመሥመሩን ጥራት መመርመር ይገባል።

ጥያቄው ጭራሽ ካልደረሰ መንገዱን መመልከት ያስፈልጋል። የኤርኦኤስ መቆጣጠሪያ ሰርቪስ ፖርት የሚባል ለአስተዳደር ብቻ የተለየ በር አለው። በዚህ በር የሚላከው ፋይል ከዚያው ሰፈር አልፎ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ወይ ሰርቨሩ በዚያው ሰፈር መኖር አለበት፣ ወይም በመቆጣጠሪያው ላይ መንገዱ በእጅ መጻፍ አለበት። ሰርቨሩ ወደ ሌላ ሕንፃ የተዛወረ ዕለት ግልባጩ የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንለፍ፤ በእኛ አስተያየት የነገሩ ክብደት ያለው በዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው ንግግርን በመጠበቅ ነው። «የተጠቃሚ ስም» የሚል ጥያቄ ይጠብቃል፣ ይመልሳል፤ «የይለፍ ቃል» የሚል ይጠብቃል፣ ይመልሳል፤ ከዚያም የትእዛዝ ምልክቱ እስኪታይ ይጠብቃል። ከጠበቀው ቃል አንዱ ከተለወጠ ወይም ያልጠበቀው ጥያቄ ከመጣበት ዝም ብሎ ይቆማል፤ በመጨረሻም ጊዜው አልፏል ብሎ ይሞታል። በማስታወሻው ላይ የሚገኘው ቃል «ጊዜ አልፏል» የሚል ብቻ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ኔትወርኩ ዘገየ ብሎ ያስባል። ኔትወርኩ ግን ምንም አልሆነም፤ የተቋረጠው ንግግሩ ነው።

ኤርኦኤስ ያልተጠበቀ ጥያቄ በማቅረብ የታወቀ ነው። አንደኛ፣ ኤስኤስኤች በተባለው የተሸፈነ መንገድ የገባውን ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን በመግቢያው ላይ ከተቀበለ በኋላ ከውስጥ ሆኖ እንደገና ይጠይቀዋል። በደጅ የተጠየቀ እንግዳ አዳራሽ ገብቶ እንደገና ማን ነህ እንደ መባሉ ነው። ይህን የማያውቅ ፕሮግራም ገብቻለሁ ብሎ ትእዛዙን ሲጽፍ መቆጣጠሪያው ትእዛዙን እንደ ተጠቃሚ ስም ይቈጥረዋል። ሁለተኛ፣ ረጅም ጽሑፍ ሲያሳይ ገጽ በገጽ እያቆመ ቍልፍ እስኪነካ ይጠብቃል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንደ ገባ «ኮንፊግ ፔጂንግ ዲሴብል» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት አለበት። በካታሊስት 9800 ላይ ይህን የሚተካው «ተርሚናል ሌንግዝ ዜሮ» የሚለው ነው።

ሦስተኛው ሲወጡ የሚመጣ ጥያቄ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ አሳሳች ነው። ቀን አንድ ባለሙያ አንድ ነገር ለውጦ ሳያስቀምጠው ሄዷል እንበል። ሌሊት ፕሮግራሙ ግልባጩን ወስዶ ሊወጣ ሲል መቆጣጠሪያው «ያልተቀመጠ ለውጥ አለ፤ ይቀመጥን?» ብሎ ይጠይቀዋል። በሌሎቹ ሌሊቶች ይህ ጥያቄ የለም፤ ስለዚህ ግልባጩ አንድ ቀን ይሳካል፣ አንድ ቀን ይጐድላል፤ ምክንያቱም የማይጨበጥ ይመስላል። መልሱ ሁልጊዜ «አይቀመጥ» መሆን አለበት እንላለን። ገልባጭ የተላከው ሊገለብጥ እንጂ በመዝገቡ ላይ ሊወስን አይደለም፤ ባለሙያው ለሙከራ ያደረገውን ለውጥ ሌሊት ማንም ሳያውቅ ማጽናት አደጋ አለው።

ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ ሌላ ችግር ይወልዳል። ኤርኦኤስ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው ከአምስት የማይበልጡ የርቀት እንግዶችን ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠውን እንግዳ በተለመደው ደንብ ከ5 ደቂቃ በኋላ ያስወጣዋል። ዳሩ ግን አንዳንድ ባለሙያዎች ሥራቸው እንዳይቋረጥባቸው ይህን ጊዜ ዜሮ፣ ማለት ገደብ የለሽ ያደርጉታል። በዚህ ጊዜ ተንጠልጥሎ የቀረ ግንኙነት ቦታውን ይዞ ሊያድር ይችላል። አምስቱ ቦታዎች በእንዲህ ያሉ ሙት እንግዶች ሲያዙ ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን ባለሙያውም መግባት ያቅተዋል። የመጀመሪያው ቀን ስሕተት እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ በኋላ የታየው ግን የተዘጋ በር ነው።

መቆጣጠሪያው ምንም ሳይለወጥ ግልባጩ የሚቋረጥበትም ጊዜ አለ። ኦፕን ኤስኤስኤች የሚባለው የታወቀ ፕሮግራም በ2015 ዓ.ም. በወጣው በ7.0 እትሙ አንዱን አሮጌ የቍልፍ መለዋወጫ ዘዴ፣ በ2021 ዓ.ም. በወጣው በ8.8 እትሙ ደግሞ በሻ 1 ላይ የተመሠረተውን የአርኤስኤ ፊርማ በልማድ መቀበል ትቷል። ገልባጩ ኮምፒዩተር ሲታደስ አሮጌው መቆጣጠሪያ ከእርሱ ጋር የሚስማማበት ዘዴ ያጣል፤ ንግግሩም ስም ከመጠየቁ በፊት ያበቃል። አሮጌውን ዘዴ ለዚያ ለአንዱ መቆጣጠሪያ አድራሻ ብቻ መፍቀድ ይቻላል። ለሁሉም መፍቀድ ግን የማይገባ ስንፍና ነው።

እስካሁን የተናገርነው አልተሳካም ተብሎ ስለሚነገርለት ግልባጭ ነው። ከዚህ የሚከፋው ተሳክቷል የተባለው ነው። በአይኦኤስ ኤክስኢ ላይ ዝቅ ያለ የሥልጣን ደረጃ የተሰጠው ተጠቃሚ የአሠራር መዝገቡ እንዲታየው ቢፈቀድለት የሚያየው ሊለውጠው የተፈቀደለትን መሥመር ብቻ ነው። ጥንቃቄ ያደረገ አስተዳዳሪ ለገልባጩ ዝቅተኛ ሥልጣን ሰጥቶት ከሆነ ፕሮግራሙ በየሌሊቱ ጥቂት መሥመር ብቻ ያለበት ፋይል ያስቀምጣል፤ «ተሳክቷል» ብሎም ይመዘግባል። እንዲሁም አክሰስ ፖይንቶቹ ሲበዙ መዝገቡ ይረዝማልና የፕሮግራሙ የመጠበቂያ ጊዜ አጥሮ ግማሹ ብቻ ሊቀዳ ይችላል። ራንሲድ በዚህ ላይ የሚያስመሰግን ልማድ አለው፤ የመዝገቡን መጨረሻ ሳያይ የተቀዳውን አይቀበልም።

የተገለበጠውን ከዋናው ጋር ማስተያየት የመጽሐፍ ሰዎች የቆየ ልማድ ነው፤ በዚህም ሥራ ቢሆን የሚተካው የለም። የ9800 መዝገብ የመጨረሻ መሥመር «ኤንድ» የሚለው ቃል መሆኑን ማየት፣ የዛሬውን ፋይል ርዝመት ከትናንቱ ጋር ማነጻጸር ከባድ ድካም አይደለም። በኤርኦኤስ ላይ ግን «ሾው ራን ኮንፊግ» ከሚለው ይልቅ «ሾው ራን ኮንፊግ ኮማንድስ» የሚለውን መጠቀም ይሻላል። የፊተኛው ከመዝገቡ ጋር በየደቂቃው የሚለዋወጠውን የአክሰስ ፖይንቶቹን ሁኔታ ጭምር ስለሚያወጣ የትናንቱና የዛሬው ልዩነት ሁልጊዜ ብዙ ይሆናል፤ አንባቢውም ሰልችቶት ማንበቡን ይተዋል።

በመጨረሻ ግልባጩ ተመልሶ የሚሠራ መሆኑ መፈተን አለበት። በድረ ገጽ ለሚገቡ ተጠቃሚዎች የሚታየው ሰርተፊኬት በኤርኦኤስ መዝገብ ውስጥ ስለማይካተት ለብቻው መቀመጥ ይገባዋል። በ9800 ላይ የምሥጢር ቃላት በዋና ቍልፍ ተሸፍነው ከሆነ ያ ቍልፍ በግልባጩ ውስጥ አይጻፍም። ቍልፉ ሌላ ቦታ ካልተመዘገበ ግልባጩ በአዲሱ መሣሪያ ላይ ቢጫንም የምሥጢር ቃላቱ አይፈቱም። ፈተናው በትርፍ መቆጣጠሪያ ላይ ቢደረግ መልካም ነው፤ የኤርኦኤስ መሣሪያ አዲስ መዝገብ ሲጫንበት ራሱን አጥፍቶ ስለሚነሣ በሥራ ላይ ባለው መሞከር አይገባም። ከተነሣ በኋላ «ሾው ኢንቫሊድ ኮንፊግ» የሚለው ትእዛዝ መሣሪያው ሳይቀበል ያለፋቸውን መሥመሮች ያሳያል። ይህ ትእዛዝ ግን የሚሠራው መዝገቡ እንደገና ከመቀመጡ በፊት ብቻ ስለ ሆነ፣ ባለሙያው ማንኛውንም ነገር «ሴቭ» ከማለቱ አስቀድሞ የወጣውን ዝርዝር በወረቀት ገልብጦ መያዝ ያስፈልገዋል።